ሊስቲ ያልጠራችው ስም

ሊዮታ ቶኒካ ሰው ሳታበላ ወረቀት አታሳይም። ሕጉን ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ ራሷ ሳትሆን አትቀርም። ስለ አያት ቅድመ አያቱ ሊጠይቅ ኦክላሆማ ውስጥ ካለችው ከብሮክን ቦው ከተማ በላይ ባለው የጥድ ጫካ መንገድ አቧራውን እያስነሣ ወደ ቤቷ የመጣ ሁሉ፣ ገና ኮፍያውን ሳያወልቅ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ታንቺ ላቦና ይቀርብለታል። የተከካ በቆሎና የአሳማ ሥጋ አንድ ላይ ሲንተከተክ የዋለበት ሾርባ ነው። "በልቻለሁ" ብሎ ማምለጥ አይቻልም። ዕድሜዋን በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ልጆች ስታበላ የኖረች ሴት፣ የበላና ያልበላ ሰው ፊቱን አይታ ትለያለች።

"በባዶ ሆዱ ክፉ ዜና ሰምቶ ወለሌ ላይ የሚዘረርብኝ ሰው አልፈልግም" ትላለች።

እንግዳው ሲበላ እሷ ትጠይቃለች። የምትጠይቀው ግን ስለ ወረቀት አይደለም። "የእናንተ ሰዎች የት ነው የተቀበሩት?" ትላለች። "በየትኛው ቤተክርስቲያን ግቢ? ከማን ጎን?" ሰውየው አላውቅም ካለ አትቆጣም፤ ሂድና አክስትህን ጠይቀህ ተመለስ ብላ ትሸኘዋለች። ለምን ሲሏት፣ ወረቀቱን የጻፉት እኛን የማያውቁን ሰዎች ናቸው፣ መቃብሩን የቆፈሩት ግን ዘመዶቻችን ናቸው ብላ ትመልሳለች። ይህን አሳምራ የምታውቀው ሴት አንድ ጊዜ ግን የራሷን ቃል ረስታ ወረቀቱን አመነች፤ በዚያም የአንዲት አሮጊት ቅስም ተሰበረ።

ወረቀቶቹ የድሮ ማመልከቻዎች ናቸው። መንግሥት ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የእነ ሊዮታ ነገድ፣ ቾክታው፣ የኖረበትን የጋራ መሬት ሸንሽኖ ለየሰዉ ላድል ብሎ በተነሣ ጊዜ፣ ሹሞች ድንኳን ተክለው ሕዝቡን በተራ እያስቀረቡ፣ አንተ ማነህ፣ አባትህ ማነው፣ እናትሽስ ማናት፣ ደምሽ ምን ያህሉ ቾክታው ነው እያሉ በአስተርጓሚ ጠየቁ፤ ጸሐፊም አጠገባቸው ተቀምጦ ጻፈ። ያኔ ስሙ የሰፈረለትን ሰው የልጅ ልጅ ነገዱ ዛሬም ልጄ ይለዋል። ያልሰፈረለት ደግሞ ደጅ ሲጠና ይኖራል። ስለዚህ በዚህ አገር አያትን መፈለግ የሥራ ፈት ጨዋታ አይደለም፤ ሰውን እህል የሚያስጠላ ጉዳይ ነው።

ሊዮታ ነገሩን የጀመረችው የአባቷን ወገን አያት ስትፈልግ ነበር። አሮጌ ፒካፕዋን እየነዳች ኦክላሆማ ሲቲ ቤተ መዛግብት ድረስ ትሄድና የወረቀቶቹ ፎቶ በሚታይበት ማይክሮፊልም ማንበቢያ ፊት ተቀምጣ ዓይኗ እስኪያለቅስ ታነባለች። አያቷን ካገኘች በኋላም መተው አቃታት። የማታውቃቸው ሰዎች ንግግር ከዚያ መስታወት ውስጥ ይይዛታል። "የት ነው የምትኖሪው?" ይላል ጠያቂው። "ወንዝ ዳር ነበርኩ። ወንዙ ቤቴን ወሰደብኝና አሁን ከፍ ብዬ ነው ያለሁት" ትላለች አንዷ። ሊዮታ ይህን ስታነብ ብቻዋን ትስቃለች፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ብቻዋን ታዝናለች። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ምንም የትምህርት ማስረጃ አልነበራትም፤ ሰው ትወዳለች፣ በቃ።

ዘዴዋን ያስተማራት የለም፤ ራሷ ናት የደረሰችበት። ያኔ ዘመዳሞች በአንድ ሠረገላ መጥተው፣ አብረው ሰፍረው፣ አብረው ነው የተሰለፉት። ስለዚህ ከአንድ ሰው ማመልከቻ በፊትና በኋላ ያሉት ቁጥሮች የባዕድ አይደሉም፤ የአማቱ፣ የእህቱ፣ የጎረቤቱ ናቸው። ሊዮታ የእናንተን አያት ከማንበቧ በፊት ግራና ቀኙን ታነባለች። በዚህ መንገድ ስንቱን ከጠፋ ዘመዱ አገናኝታለች። ክፍያ አትቀበልም፤ የአጋዘን ሥጋና የፔካን ፍሬ ይዞላት የመጣን ግን ባዶ እጁን አልመለሰችም፣ በሾርባ ነው የምትመልሰው።

ምላሷ ግን ሹል ነው። አንድ ጊዜ ከዳላስ አንድ ሰው ጥሩ ሱፍ ለብሶ መጣና፣ "ቅድመ አያቴ የቾክታው ልዕልት ነበረች፤ ይህንኑ እንዲያረጋግጡልኝ ነው" አላት።

"ልዕልት?" አለች ሊዮታ።

"አዎ፣ እናቴ እንደዚያ ነው የምትለው።"

"ዘውዷን ያገኘህ ዕለት እኔንም ጥራኝ። እኛ ቤት ዘውድ የሚባል አልነበረም፤ ክብ ነገር ካየሁ የድስት ክዳን ነው።"

ሰውየው ከት ብሎ ሳቀና ሁለተኛ ሳህን አስጨመረ። ኋላ ሊዮታ ያገኘችለት ቅድመ አያት ልዕልት ሳትሆን ባሏ ሞቶባት ብቻዋን በቅሎ ጠምዳ የምታርስ ሴት ሆነች። ሰውየው አሁን በዳላስ ስለ በቅሎዋ ነው የሚያወራው አሉ።

እማማ ሚነርቫ የመጡት በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ የጫካ ሽንኩርት በሚለቀምበት ወር ነው። የልጅ ልጃቸው በመኪና አደረሰቻቸውና ደጅ ቀረች። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው የሚሄዱ አሮጊት ነበሩ። ሾርባውን አንድ ፍሬ በቆሎ ሳያስቀሩ ጨረሱ፣ አፋቸውን ጠረጉና ያለ ዳርዳርታ ተናገሩ።

"ልጄ፣ ሐኪሙ ልብዎ ደክሟል ብሎኛል። የዘንድሮን የበቆሎ እሸት መቅመሴን እንጃ። ከመሞቴ በፊት የማን ልጅ እንደሆንኩ ንገሪኝ።"

"እናትዎን ያውቋቸዋል?"

"ስሟን። ሊስቲ ነው። መልኳን አላውቀውም።"

ታሪካቸው አጭር ነበር። እናታቸው ሊስቲ የሞተችው እሳቸው ገና ድክ ድክ ሲሉ ነው። ከዚያ ለሙት ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ተሰጡ፤ መዝሙርና ስፌት ተማሩ፣ የራሳቸውን ሰዎች ወግ ግን የሚያስተምራቸው አላገኙም። ለአቅመ ሔዋን ደርሰው፣ እንጨት መሰንጠቂያ የሚሠራ ሰው አግብተው ወደ ትውልድ ቀያቸው ሲመለሱ፣ የሚያውቋቸው የቅርብ ዘመዶች ሁሉ በዚያ በክፉው የጉንፋን ዘመን አልቀው ነበር። የቀሩት የሩቅ ዘመዶች ናቸው፤ እነሱም ነገር የሚያውቁ ሆነው ቆዩዋቸው። አንዲት ሴት ቤተክርስቲያን ደጅ ላይ በሰው ፊት፣ እናትሽ ራሷ ለመንግሥት ምላ የልጄን አባት አላውቅም ብላለች፣ ወረቀት ላይ ተጽፏል አለቻቸው። ሚነርቫም ውሸታም ብለው ተሳደቡ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ግን ዲቃላ የሚለው ቃል ከኋላቸው አልጠፋም። ልጆች ወልደው፣ ልጆቻቸው ወልደውላቸው፣ ሽበት ወርሷቸውም ያው ነው።

"ውሸት መሆኑን አውቃለሁ" አሉ ሚነርቫ። "ግን ማወቄ አልበቃኝም። አንቺ አንብበሽ ንገሪኝ።"

ሊዮታ ከተማ ወርዳ የሊስቲን ማመልከቻ ብዙም ሳትደክም አገኘችው። ግራና ቀኙን አነበበች፤ ከፊቷ ያለው ቁጥር ከሌላ ወረዳ የመጣ ሽማግሌ፣ ከኋላዋ ያለው እንግሊዝኛ የሚናገር ነጋዴ ነው። ዘመድ የሚመስል ሰው የለም። ከዚያ የሊስቲን ቃል አነበበች። ወጣት ሴት ናት፣ ሕፃን ልጅ አዝላለች፣ ስሟን ተናግራለች፣ የልጇንም ስም ሚነርቫ ብላለች።

"የዚህች ልጅ አባት ማነው?" ይላል ጠያቂው።

"የሚነርቫ አባት ነው።"

"የልጅቷን ስም ነግረሽናል። የምንጠይቅሽ የአባቷን ነው። ማነው?"

"የሚነርቫ አባት።"

"ስሙን ተናገሪ።"

ከዚህ ጥያቄ ፊት ለፊት "መልስ አልሰጠችም" ተብሎ ተጽፏል። ቀጥሎም ጸሐፊው በራሱ ቃል፣ "አመልካቿ የልጇን አባት አታውቅም" ብሏል። ከዚያ ማን እንዳመጣት ይጠይቃታል፣ ሲምፕሰን ትላለች፣ ስለ መሬቱ ይጠይቃታል፣ ያበቃል። ሊዮታ ገጹን ደግማ አየችው። ሴትየዋ መልሱን የምትሸሽ መሰላት። ብዙ የተቸገሩ ሴቶችን ቃል አንብባለችና፣ ይህችም ስሟ እንዳይጠፋ በልጇ ስም ተከልላ የምትጨነቅ አንዲት ምስኪን ናት ብላ ደመደመች። አዘነችላት እንጂ የጸሐፊውን ቃል አልጠረጠረችም።

ሚነርቫ ሲመለሱ ሾርባ አቀረበች፤ በሉ። ሊዮታ ወረቀት የሚለውን አትደብቅም፣ አታለዝብምም። እንዲያ ያደረገች ዕለት ማንም አያምናትም ብላ ነው የምታስበው።

"እማማ፣ እናትዎ አላወቁም ነው የሚለው።"

ሚነርቫ ማንኪያውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። መሃረባቸውን አጠፉት፣ እንደገና አጠፉት።

"እንግዲያ ቤተክርስቲያን ደጅ ላይ ውሸታም ብዬ የሰደብኳት ሴት እውነት ተናጋሪ ነበረች" አሉ። "ሞታለች፤ ይቅርታ እንኳ አልጠይቃት።"

"እማማ—"

"ያኮኬ፣ አመሰግናለሁ ልጄ፣ ደክመሽልኛል። ሾርባሽ ጥሩ ነው።"

ሄዱ። በሚቀጥለው እሑድ ቤተክርስቲያን አልመጡም፤ ከዚያም በኋላ አልመጡም። የልጅ ልጃቸው አያቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው የሚውሉት አለች። ይህን ስትሰማ ሊዮታ፣ ሰውን ሁሉ ብሉ ብሉ የምትል ሴት ራሷ እህል አልወርድ አላት። የነገረቻቸው እኮ የተጻፈውን ነው፤ ምን ልታደርግ ትችል ነበር? እንዲህ ብላ ራሷን ብታጽናናም አልሆነላትም።

ሁለት ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ በጥዶቹ ሥር ባለችው ቤተክርስቲያናቸው የጫካ ሽንኩርት ግብዣ ተደረገ። ሴቶቹ ከግቢው ጀርባ ባለችው ማብሰያ ቤት ተሰብስበው ሽንኩርቱን ከእንቁላል ጋር ይጠብሳሉ፣ ባናሃውን፣ ተጠቅልሎ የተቀቀለውን የበቆሎ ሊጥ፣ ከበቆሎ ልጣጩ ውስጥ ያወጣሉ፣ ይፎካከራሉ፣ ይተማማሉ። ሊዮታ ትልቁ መጥበሻ ላይ ነበረች፤ እንደ ወትሮዋ አትናገርም። በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት እማማ ሳይኒ ጥግ ላይ ወንበር ተደርጎላቸው ሽንኩርት ይመለምላሉ። ሎሬን የምትባል፣ የቤተክርስቲያኗን ነገር ሁሉ ካልመራሁ የምትል ሴት እርሳስ ይዛ መጣች። የማብሰያ ቤቷን ጣሪያ ድሮ የመቱትን ወንዶች ስም በሰሌዳ ላይ ልታስቀርጽ ነው።

"እማማ ሳይኒ፣ ባለቤትዎም ነበሩበት አይደል? ስማቸውን ይንገሩኝማ።"

"የሜልቪን አባት።"

"እሱንማ አውቃለሁ። ስማቸውን ነው የምፈልገው።"

"ነገርኩሽ እኮ። የሜልቪን አባት።"

ሴቶቹ ሳቁ። "በሉ ጉድ ስሙ!" አለች አንዷ። "ዕድሜ ልካቸውን አብረው ኖረው ስሙን ረሱት!"

"አንቺ ባለጌ" አሉ ሳይኒ ቢላዋቸውን እያወዛወዙ። "ረሳሁት መቼ አልኩሽ? አልጠራውም ነው ያልኩሽ። ሚስት ባሏን በስሙ ትጠራለች እንዴ? ውሻዋ ነው?"

"ታዲያ እራት ሲደርስ ምን ይሉት ነበር?"

"መጥበሻውን በማንኪያ እመታለሁ። ከየትም ቢሆን እየሮጠ ይመጣል፤ ሆዳም ነበር።"

ማብሰያ ቤቷ በሳቅ ተናጋች። ሎሬን ግን እርሳሷን አላስቀመጠችም። "እማማ፣ ሞተዋል እኮ አሁን። ቢጠሩት ምን ይላሉ?"

"ቢሞትስ? ባልነቱ ቀረ? እናቴም አባቴን ጠርታው አታውቅም፣ የእሷም እናት እንደዚያው። እናንተ የዛሬዎቹ ናችሁ ባላችሁን ከመንገድ ማዶ ቢሊ፣ ቢሊ እያላችሁ እንደ ጥጃ የምትጣሩት።"

"ሊዮታ!" ብላ ጮኸች አንዷ። "ሽንኩርቱ አረረ!"

ሊዮታ አልሰማችም። የመጥበሻው ጭስ ፊቷን እየለበለባት ቆማለች። የራሷ አያት፣ እዚያው ቤት ያሳደገቻት፣ ባሏን "የእናትሽ አባት" እያለች ነበር የምትጠራው። ሊዮታ በልጅነቷ አሮጊት ሁሉ እንደዚያ የሚናገር መስሏት አልፋው ነበር። ማንኪያዋን ጥላ ሳይኒ ፊት ሄደች።

"እማማ ሳይኒ፣ የመንግሥት ሰው ድንኳን ውስጥ አቅርቦ በአስተርጓሚ ቢጠይቅዎትስ? ካልተናገርሽ ብሎ ቢያፋጥጥዎትስ?"

"እግዜር ራሱ አቅርቦ ቢጠይቀኝ የሜልቪን አባት ነው የምለው" አሉ ሳይኒ። "እሱ እንደሆነ ስሙን ያውቀዋል።"

"የልጅሽን አባት አታውቂም ብለው ቢጽፉብዎትስ?"

አሮጊቷ ሽንኩርቱን ተዉት። ቀና ብለው ሊዮታን አዩዋትና ድምፃቸው ለሰለሰ። "ይጻፉዋ" አሉ። "እነሱ ስለጻፉ ነው እንዴ ባሌ የሚሆነው?"

ሊዮታ ሽርጧን ፈታ ለሎሬን አስታቀፈቻትና ወጣች። መጥበሻውን ማን እንደተረከበ እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ የዚያን ዕለቱ ሽንኩርት ግማሹ ከሰል ነበር፣ ሰው ግን በትዝብት በላው።

በማግስቱ ኦክላሆማ ሲቲ ያለው ቤተ መዛግብት በሩን ሲከፍት ሊዮታ ደጁ ላይ ነበረች። መንገዱን ሁሉ ራሷን ስትሰድብ ነው የመጣችው። ሰውን ሁሉ መጀመሪያ ስለ መቃብሩ የምትጠይቅ፣ ወረቀቱን የጻፈው እኛን አያውቀንም እያለች የምታስተምር ደደብ ሴት፣ እኛን የማያውቀው ሰው የጻፈውን አንብባ እንደ ወንጌል አመነችው። የሊስቲን ገጽ አወጣች። "የሚነርቫ አባት" የሚለው እንደ በፊቱ እዚያው ነው። አሁን ግን የምትሸሽ ሴት አልታየቻትም። ባዕዳን ወንዶች ከበዋት፣ ሕፃን አዝላ፣ የተጠየቀችውን ሁሉ በትክክል እየመለሰች፣ ባሏን ግን እንደሚገባው አክብራ የምትጠራ ወጣት ሚስት ታየቻት። ሁለት ጊዜ መልሳለች። ከዚያ በላይ ልትሄድ አትችልም፤ ዝም አለች። ምን ብለው እንደሚጽፉባት አላወቀችም ይሆናል፤ ብታውቅም ግን ያው ነበር የምትለው ብላ ሊዮታ አመነች።

ከዚያም ቀደም ሲል ዓይኗ ዘሎት የሄደውን አንድ ቃል አየች። ማን አመጣሽ? ሲምፕሰን። ምንሽ ነው ብሎ የጠየቃት የለም። ባሏ ቢሆን አትጠራውም ነበር። እንግዲያ ሲምፕሰን ባሏ አይደለም፤ ግን በሠረገላው ጭኖ እዚያ ድረስ አምጥቷታል።

ሊዮታ በዚያ ሰፈር ያመለከቱትን ሲምፕሰኖች በሙሉ ማንበብ ጀመረች። በዚያ ዘመን ሲምፕሰን ያልተባለ ቾክታው ያለ አይመስልም። አንዱ ሽማግሌ ነው፣ አንዱ ከሌላ ወንዝ ነው፣ አንዱ ገና ልጅ ነው። ከሰዓት በኋላ ላይ ከሊስቲ ቁጥር እጅግ ርቆ አንዱ ተገኘ፤ ሲምፕሰን ኖዋተቢ። የራሱ ተራ ሳይደርስ ወንዙ ሞልቶ ከብቶቹን ሊያድን ተመልሶ፣ ከሳምንታት በኋላ ነው የቀረበው፤ ለዚህ ነው ቁጥሩ የራቀው። ቃሉን ሲጠየቅ ስለ ራሱ ጥቂት ተናገረ። ወንድም አለህ ሲሉት እንዲህ አለ፦

"አንድ ነበረኝ። በብርዱ ወራት ሞተብኝ። ስሙ ሲፋስ ኖዋተቢ ነበር። ሚስቱ ሊስቲ ናት፤ ከእኔ በፊት እዚህ መጥታለች፣ እኔ ነኝ ያመጣኋት። በጀርባዋ የነበረችው ልጅ የወንድሜ ናት። ያሉበትን ቤት የሠራው እሱ ነው። ይህ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ።"

ጠያቂው፣ ይህ የአንተ ማመልከቻ ነው፣ ስለ ራስህ ተናገር ብሎታል። የሲምፕሰን ቃልም እዚያው በሲምፕሰን ወረቀት ውስጥ ቀረ። ሊዮታ እጇን አፏ ላይ ጭና አለቀሰች፤ አጠገቧ ያነብ የነበረ ሰው ምን ሆንሽ ቢላት፣ "ምንም አልሆንኩም፣ አንድ ሰው ስሙን አገኘሁለት" አለችው።

ሊዮታ ወረቀት ይዛ ሰው ቤት ሄዳ አታውቅም፤ ሰው ነው ወደ እሷ የሚመጣው። ይህን ጊዜ ግን እሷ ሄደች። ሕግ ሕግ ነውና ድስቱን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ፒካፑ ውስጥ አጠገቧ አስቀመጠችው። የልጅ ልጃቸው ደጅ ልብስ እያሰጣች ነበር፤ በዓይኗ ግቢ አለቻት። ሚነርቫ መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል። ጀርባቸው ጎብጧል።

"ሌላ ምን የቀረ ክፉ ዜና አለና መጣሽ?" አሉ።

"መጀመሪያ ይብሉ።"

"አልራበኝም።"

"እማማ፣ ይብሉ ብያለሁ።"

ከሊዮታ ጋር የተከራከረ የለም። ሚነርቫ ጥቂት ማንኪያ ወሰዱ። ሊዮታ ወንበሯን አስጠግታ እግራቸው ሥር ልትሆን ምንም አልቀራት።

"በድዬዎታለሁ" አለች። "እናትዎ አላወቁም ያልኩዎት ስህተት ነው። ጸሐፊው ነው ያላወቀው፤ እኔም አብሬው ተሳሳትኩ። እናትዎን የልጅሽ አባት ማነው ብለው ሲጠይቋቸው፣ የሚነርቫ አባት ነው ብለዋል። እንደገና ሲጠይቋቸው፣ የሚነርቫ አባት አሉ። በስሙ ጥሪው ሲሏቸው ዝም አሉ።"

"ይሄ ለእኔ ምን ይረባኛል?"

"አዳሪ ትምህርት ቤት ባያድጉ ኖሮ ይገባዎት ነበር። በእኛ ወግ ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራም። ዛሬም እማማ ሳይኒን ይጠይቋቸው፣ ቢገርፏቸው የባላቸውን ስም አይጠሩም። የሰፈር ወሬኛ እንዳለችው የመንገድ ሰው ቢሆን ኖሮ እናትዎ ስሙን ይጠሩት ነበር፤ ምን ገዷቸው? ያልጠሩት ባላቸው ስለሆነ ነው። እዚያ ድንኳን ውስጥ ዝም ያሉት ሚስት ስለሆኑ ነው።"

ሚነርቫ ማንኪያውን ይዘው ቀሩ።

"ሰው የፈለገውን ይበለኝ ብላ?" አሉ በቀስታ።

"የፈለገውን ይበለኝ ብለው።"

"ያን ሁሉ ስድብ የተሸከምኩት እናቴ አባቴን ስላከበረችው ነው?"

"አዎ እማማ።"

አሮጊቷ አለቀሱ። ድምፅ ሳያሰሙ፣ ዕንባቸውን ሳይጠርጉ ነበር ያለቀሱት። ሊዮታም ከዚያ የሲምፕሰንን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ቀስ ብላ አነበበችላቸው፤ የወንድሙን ስም፣ የሊስቲን ስም፣ በጀርባዋ ያለችውን ልጅ፣ የሠራውን ቤት፣ ይጻፍልኝ ያለውን። ስሙ ላይ ስትደርስ ሚነርቫ እጃቸውን አነሡ።

"እሱን ድገሚው።"

"ሲፋስ ኖዋተቢ።"

"እናቴ ይሄን ስም አፏ ውስጥ ይዛው ነው የተቀበረችው" አሉ። ሾርባውን ወደ ጎን ገፉና ክንዳቸውን ዘረጉ። "አስነሺኝ።"

ሊዮታ ደግፋ አስነሣቻቸው። ወደ በሩ ሄዱ፤ ሄደው ሄደው ደፉ ላይ ሲደርሱ እጇን ለቀቁና በረንዳው ላይ ብቻቸውን ቆሙ። ፊት ለፊታቸው ጥዶቹ፣ መንገዱ፣ የጎረቤቶቹ ቤቶች ይታያሉ። በአንደኛው በረንዳ ላይ ሰዎች ተቀምጠው ይጫወታሉ።

"እኔ ሚስቱ አይደለሁም" አሉ ሚነርቫ።

"አይደሉም።"

"ልጁ ነኝ። ልጅ አባቷን በስሙ ብትጠራ ነውር ነው?"

"ነውር የለውም እማማ።"

አሮጊቷ ጀርባቸውን አቀኑ፣ ትንፋሻቸውን ሳቡ፣ ደካማ ልብ አለው ከተባለ ደረት ይወጣል በማይባል ድምፅ ወደ መንገዱ ተጣሩ።

"ሲፋስ ኖዋተቢ! ሲፋስ ኖዋተቢ!"

ውሾች ጮኹ። ማዶ የሚጫወቱት ሰዎች ዞሩ። የልጅ ልጃቸው የያዘችውን ልብስ መሬት ጥላ እየሮጠች መጣች።

"አያቴ! ምን ሆኑ? ማንን ነው የሚጠሩት?"

"አባቴን" አሉ።